የሪሞት ክራውለር እንዳይገለበጥ አድርጎ ማስተካከል፦ ከክብደት ተነስቶ ሞተር ላይ የሚያበቃ አሠራር

ክራውለር ድንጋይ ላይ ቀስ እያለ እንዲወጣ የተሠራ ትንሽ የሪሞት መኪና ነው። ስለ እሱ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ክራውለሬ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ጠንከር ያለ ሞተር ላስገባለት?»

ቆዩ፣ ሞተሩን ገና አትንኩት። መኪናው ድንጋዩ ሥር ከደረሰና አፍንጫውን ማንሳት ከቻለ ጉልበት አላነሰውም። የሚገለበጠው ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስለተከማቸ ነው። በዚህ ሁኔታ ኃይለኛ ሞተር ቢገባለት ከበፊቱ ፈጥኖ ይገለበጣል። ስለዚህ ሥራውን ከክብደት እንጀምራለን፣ ከዚያ ጎማ፣ ሾክ፣ መሪ እያልን ሞተሩን ወደ መጨረሻ እንተወዋለን። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። እያንዳንዱ ለውጥ የሚቀጥለውን ስለሚነካ፣ ከመሃል የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

የምጽፈው ስለ 1/10 መጠን መኪኖች ነው፤ 1.9 ኢንች ቸርኬ ስላላቸው፣ እንደ አክሲያል ኤስሲኤክስ10 እና ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ስላሉት። ለትንንሾቹም፣ ለ1/24ኛው ኤስሲኤክስ24 እና ለ1/18ኛው ቲአርኤክስ-4ኤም፣ አካሄዱ ያው ነው። ግራሙን ብቻ በጣም ቀንሱት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ስድስት ማዕዘን ካቻቢቴ፦ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊ ሜትር። ጫፉ የተበላ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላል፣ ከዚያ ብሎኑን ለማውጣት መብሳት ሊኖርባችሁ ነው። እዚህ ላይ አትቆጥቡ።
- ለጎማ ዳዶ 7 ሚሊ ሜትር ቁልፍ።
- እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን።
- 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ፣ ላዩ ላይ የብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት።
- ማዕዘን መለካት የሚችል ስልክ።
- ጎሚስታ ቤት ለጎማ ባላንስ የሚለጠፉት ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ክብደቶች። ለክራውለር ተብለው ከሚሸጡት የናስ ክብደቶች በጣም ይረክሳሉ።
- ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ። ቀዩን አትግዙ፤ ቀዩን ለመፍታት ሙቀት ያስፈልጋል፣ ሙቀት ደግሞ አጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል።
- ግራሶ፣ አልኮል፣ ጨርቅ፣ ቁጥሩ 30 ወይም 35 የሆነ የሾክ ዘይት።
- ከደብተር የተቀደደ ቀጭን ወረቀት። ጥቅሙን 7ኛው ደረጃ ላይ ታያላችሁ።

ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር)፣ ኢኤስሲ (የዋናውን ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ) እና ሞተር በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁም። የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች ሳትጨርሱ መግዛት ስለሌለባችሁ ነው። ብዙ ሰው አራቱን ጨርሶ መኪናውን ሲያየው ሞተር የመቀየር ሐሳቡን ይተወዋል።

1. መጀመሪያ ለኩ

ምንም ሳትፈቱ ሁለት ልኬት ውሰዱ። ካልለካችሁ ለውጡ መጥቀሙንና መጉዳቱን አታውቁም።

የመጀመሪያው የፊትና የኋላ ክብደት ነው። ባትሪው ገብቶ፣ ቦዲው ተገጥሞ፣ የፊት ሁለት ጎማዎችን ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። የኋላዎቹን ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ባለው መጽሐፍ ላይ አቁሙ። ቀጥሎ የኋላዎቹን ሚዛኑ ላይ፣ የፊቶቹን መጽሐፉ ላይ አድርጋችሁ ድገሙት። ጠቅላላው 3,000 ግራም ሆኖ ፊቱ 1,400 ከሆነ፣ መኪናችሁ ወደ ኋላ የከበደ ነው። የምንፈልገው ከ55 እስከ 60 በመቶው ፊት ላይ እንዲያርፍ ነው፤ በዚህ ምሳሌ ከ1,650 እስከ 1,800 ግራም ማለት ነው። ዳገት ላይ ክብደት በራሱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ሜዳ ላይ ወደ ፊት አድልቶ መጀመር አለበት።

ሁለተኛው የመገልበጫ ማዕዘን ነው። መኪናውን በአራት ጎማው ጣውላው ላይ አቁሙ፣ ጎኑ ወደሚነሳው ጠርዝ ይዙር፤ ከዚያ ጣውላውን በቀስታ አንሱ። በላይኛው በኩል ያሉት ጎማዎች ጣውላውን የለቀቁበትን ማዕዘን በስልካችሁ አንብባችሁ ጻፉ። በግራም በቀኝም አድርጉት። ሁለቱ ከተለያዩ ባትሪው ወይም ሞተሩ ወደ አንድ ጎን አድልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ድገሙት። በዚህኛው ጊዜ መኪናው እንዳይንሸራተት ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ቀጭን እንጨት ምቱ፤ እጃችሁንም ዝግጁ አድርጉ።

2. ከላይ ያለውን አውርዱ

የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ መብራት፣ ጄሪካን፣ ከኋላ የተሰቀለ ትርፍ ጎማ ያምራሉ። ግን ሁሉም የሚገኙት መኪናው በማይፈልጋቸው ቦታ ነው። ፈትታችሁ መዝኗቸው። ከጣሪያ የወረደ 100 ግራም፣ ታች ከሚጨመር 100 ግራም የበለጠ ይጠቅማል፤ ጠቅላላ ክብደቱ ስለማይጨምር ጥርሶቹም ሰርቮውም ተጨማሪ ሸክም አይገጥማቸውም። ጠንካራ የፕላስቲክ ቦዲ ያለው መኪና ወደ ቀጭኑና ቀላሉ የሌክሳን ፕላስቲክ ቦዲ ቢቀየር ልዩነቱ ወዲያው ጣውላው ላይ ይታያል።

ባትሪውን ወደ ፊትና ወደ ታች አምጡት። ትልቅ ባትሪ ከኋላ ጭናችሁ ከሆነ በትንሽ ቀይሩት፤ ባለ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከፊት አክስል በላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ የሚቀመጥበት ማቀፊያ ለአብዛኞቹ ሞዴሎች ይሸጣል። አሉሚኒየም ቆርጣችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ስለቱን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አትርሱ፤ የተላጠ የባትሪ ሽቦ እሳት ነው።

አሁን እንደገና መዝኑ።

3. ጎማና ቸርኬ

ብዙ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለዚህ ደረጃ ነው።

ከሞላው በታች ያለ ክብደት፣ ማለትም ጎማ፣ ቸርኬና አክስል ላይ ያለ፣ መኪናውን ወደ መሬት ይይዘዋል። ከሞላው በላይ ያለው ደግሞ ሲያዘነብል ይጎትተዋል። ስለዚህ ክብደት የምንጨምረው ቸርኬ ውስጥ ነው።

የቢድሎክ ቸርኬ (ጎማውን በቀለበትና በብሎን የሚይዝ) ከሆነ ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ፍቱ። ጎማው ያለ ሙጫ ስለሚያዝ በቀላሉ ይወጣል። የቸርኬውን ውስጠኛ ከበሮ በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። የጎሚስታውን ክብደት ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ለጥፉ፣ በላዩ ላይ ፕላስተር ሁለት ዙር ጠቅልሉ። ካልጠቀለላችሁት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይላቀቅና ጎማው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ይቀደዋል።

ለፊት ጎማ እያንዳንዱ 60 ግራም ጨምሩና ጣውላው ላይ ሞክሩት። ካነሰ ወደ 100 ከፍ አድርጉ። ከ150 በላይ አልመክርም፤ የሚሽከረከር ክብደት የአክስሉን ዘንግና የመሪውን ሰርቮ ይፈትናል። ለኋላ ጎማ የፊቱን ግማሽ ወይም ምንም። ለኤስሲኤክስ24 ከሆነ ለአንድ ጎማ ከ10 እስከ 20 ግራም ይበቃዋል።

ቲአርኤክስ-4 እና ሌሎች ፖርታል አክስል (ጎማው አጠገብ ባለ የጥርስ ሳጥን አክስሉን ከፍ የሚያደርግ) ያላቸው መኪኖች ሌላም ዕድል አላቸው። የፖርታሉን ክዳን በናስ መቀየር ይቻላል። ይህ ክብደት ከጎማው ጋር ስለማይሽከረከር፣ ገንዘቡ ካለ እኔ ከቸርኬ ክብደት አስቀድሜ እመርጠዋለሁ።

አዲስ ጎማ ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት በሳሙናና በብሩሽ እጠቡት። ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ የቀረው የቅርጽ ማላቀቂያ ያንሸራትታል።

ስፖንጁን በእጃችሁ ፈትኑ። መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም ጎማው መሬት ላይ ጠፍጠፍ ማለት አለበት፤ ድንጋይን የሚይዘው ሲታቀፈው ነው። ግን በጎን ስታዘነብሉት የጎማው ጎን ከቸርኬው ሥር ከታጠፈ ስፖንጁ ለስልሷል፣ ጠንከር ያለ አስገቡ። አየሩ መውጫ እንዲኖረውም ቸርኬው ላይ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። አየር ታፍኖበት የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ ይነጥራል።

4. ሾክና ሞላ

ሾኩን ፈትታችሁ ዘይቱን ሙሉ፣ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሳችሁ አረፋው እስኪወጣ ጠብቁ። አረፋ የቀረበት ሾክ አንዴ ይለሰልሳል አንዴ ይደድራል፤ መኪናው ምን እንደሚያደርግ መገመት አትችሉም።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ከላይ ተጭናችሁ ልቀቁት። ሾኩ ከጠቅላላ እርምጃው ሲሶውን ወይም ግማሹን ገብቶ መቆም አለበት። ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከቆመ ሞላው ደድሯል፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት እርምጃ አይኖረውም። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ስታወጡት ሦስቱ መሬት ይዘው መቅረት አለባቸው። የምትፈልጉት ይሄንኑ ነው።

ዳገት ላይ ስትነዱት ቦዲው ወደ አንድ ጎን እየተጠመዘዘ አንድ የፊት ጎማ የሚነሳ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ከካምቢዮው ወደ አክስል የሚሄደው ዘንግ ሲዞር ሻንሲውን አብሮ ሊጠመዝዘው ይሞክራል። ግራ ፊቱ ከተነሳ ቀኝ ኋላው ተቀምጧል ማለት ነው። የቀኝ ኋላውን ሞላ ማጥበቂያ ቀለበት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አጥብቁ፣ ሞክሩ፣ እንደገና አጥብቁ። አራቱንም ሾክ አታደድሩ።

5. መሪው፦ ሰርቮ

ጎማው ከበደ፤ አሁን ድንጋይ ውስጥ ተሰንቅሮ እያለ ማዞር የሚችል ሰርቮ ያስፈልጋል። የብረት ጥርስ ያለው፣ የማዞር ጉልበቱ ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር የሆነ ምረጡ።

ሀ) ክንዱን ሳትገጥሙ ሰርቮውን ከሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትእዛዝ ከሚቀበለው) ጋር አገናኙ፣ ሪሞቱንና መኪናውን አብሩ፣ የሪሞቱን ትሪም (የመሪውን መሃል ማስተካከያ) ዜሮ ላይ አድርጉ። ሰርቮው መሃሉን ይይዛል።

ለ) አሁን ክንዱን ከመሪው ዘንግ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሆን ግጠሙ። በግምት ከተገጠመ ወደ አንድ ጎን ብዙ፣ ወደ ሌላው ትንሽ ይታጠፋል።

ሐ) ሪሞቱ ላይ የመሪውን መጨረሻ ወሰኑ። ጎማውን እስከ ጥግ አዙሩና ጆሯችሁን አስጠጉ። ሰርቮው «ዝዝዝ» እያለ ከቀጠለ ማለፍ የማይችለውን እየገፋ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ድምፁ እስኪጠፋ ወሰኑን ቀንሱ። በሌላው ጎንም እንዲሁ።

ጠንካራ ሰርቮ ሲጨናነቅ ብዙ አምፔር ይስባል። ኢኤስሲው ውስጥ ያለው ቤክ (የባትሪውን ቮልት ቀንሶ ሰርቮውንና ሪሲቨሩን የሚመግበው ክፍል) ካልቻለው ሪሲቨሩ ለአፍታ ይጠፋና መኪናው አልታዘዝ ይላል። መፍትሔው ከባትሪው በቀጥታ የሚመገብ የውጭ ቤክ ነው። ቮልቱን ሰርቮው ላይ ከተጻፈው በላይ አታድርጉ። የሁለት ቤክ ቀይ ሽቦዎችን ደግሞ አንድ ሪሲቨር ላይ በፍጹም አታገናኙ። የውጪው ቤክ ሪሲቨሩን የሚመግብ ከሆነ፣ ከኢኤስሲው የሚመጣውን ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ አውጥታችሁ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት።

6. ኢኤስሲ

ክራውለር ላይ ከሁሉ የሚያስፈልገው ድራግ ብሬክ ነው። ጣታችሁን ከሪሞቱ ስታነሱ መኪናው ዳገቱ ላይ ባለበት መቆም አለበት። 100 በመቶ አድርጉት። ሆቢዊንግ ክዊክረን 1080 ለዚህ የተሠራ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ይቀበላል፣ ድራግ ብሬኩም በማስተካከያ ካርድ ይስተካከላል።

ወደ ኋላ ለመሄድ ሁለት ጊዜ መግፋት የሚጠይቀውን አሠራር አጥፉ። ከገደል አፍ ላይ ወዲያው መመለስ ያስፈልጋችኋል። የባትሪ ዓይነቱንም ሊፖ ላይ አድርጉ። ይህ ከተረሳ ኢኤስሲው ባትሪው ማለቁን ስለማያውቅ ሴሎቹን ይገድላቸዋል።

7. ሞተርና ፒኞን

እስካሁን ያለውን ሠርታችሁ መኪናው ቀስ ብሎ መሄድ ካልቻለ፣ ወይም በቀስታ ሲነሳ የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ አሁን ሞተር ቀይሩ። ብሩሽ ያለው ሞተር ላይ የተጻፈው ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ብዛት ነው። ባለ 35 ጥቅል ፈጠን ይላል፣ ባለ 45 እና ባለ 55 ዝግተኛና ለመቆጣጠር የሚመች ነው። 3 ሴል ባትሪ ከምትጠቀሙ ባለ 45 ወይም 55 ይስማማል።

ከመግጠማችሁ በፊት የሞተር ማሰሪያ ብሎኖቹን ርዝመት እዩ። ከልክ ያለፈ ብሎን ወደ ሞተሩ ውስጥ ዘልቆ ጥቅሉን ይነካና አዲሱን ሞተር በመጀመሪያው ቀን ያበላሸዋል።

የፒኞኗ (የሞተሩ ዘንግ ላይ የምትገጠመው ትንሽ ጥርስ) ትንሽ ብሎን የሞተሩ ዘንግ በተላጠበት ጠፍጣፋ ጎን ላይ ማረፍ አለባት። ጠብታ ሰማያዊ ማጣበቂያ አድርጉባት። ማጣበቂያው ለብረት ከብረት ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ከፈሰሰ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከዚያ የደብተሩ ወረቀት። በፒኞኗና በትልቁ ጥርስ መካከል አስገቡት፣ ሞተሩን ወደ ጥርሱ ገፋ አድርጋችሁ ብሎኖቹን እሰሩ፣ ጥርሱን በእጅ እያዞራችሁ ወረቀቱን አውጡ። ወረቀቱ ተሸብሽቦ፣ ግን ሳይቀደድ ከወጣ ልክ ነው። ከተበሳ ጠብቋል፤ ጥርሱ ይጮኻል፣ ሞተሩ ይሞቃል። ሽብሽቡ ፈዛዛ ከሆነ ላልቷል፤ ጥርሱ ይዘልና ይላጣል። ትልቁን ጥርስ ሙሉ ዙር አዙራችሁ ሦስት አራት ቦታ ፈትሹ፣ ፍጹም ክብ ላይሆን ይችላል።

ለ10 ደቂቃ ነድታችሁ ሞተሩን በጣት ንኩ። ሦስት ሰከንድ ማቆየት ካቃታችሁ ጥርሷ ያነሰ ፒኞን ግጠሙ። ትንሽ ፒኞን ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ይጨምራል፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል።

8. እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ

ሚዛኑንና ጣውላውን ድገሙ፤ ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉ። ከዚያ ውጡ። መንገድ ዳር የተረፈ የኮብልስቶን ክምር ካገኛችሁ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ጠርዙ ስለታም፣ ከፍታው ለ1.9 ጎማ ተመጣጣኝ ነው። አንድ መስመር ምረጡና ያንኑ ደጋግማችሁ ውጡ። ሁልጊዜ መስመር የሚቀያይር ሰው መኪናው ይሻሻል አይሻሻል አይለይም።

በሪሞት የሚቆለፍ ዲፍሬንሻል ያለው ቲአርኤክስ-4 የያዛችሁ መቆለፋችሁን አትርሱ። ክፍት ከሆነ ኃይሉ በሙሉ አየር ላይ ወዳለው ጎማ ይሄዳል። ኤስሲኤክስ10 ሁልጊዜ የተቆለፈ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

የፊት ጎማዎችን ከኋላዎቹ ትንሽ የሚያፈጥኑ ጥርሶችን ብዙዎች ይጠይቁኛል። ይጠቅማሉ፤ አፍንጫውን ወደ ድንጋዩ ይስባሉ፣ መታጠፊያውንም ያጠብባሉ። ግን አክስል ወይም ካምቢዮ መክፈት ይጠይቃል። ከላይ ያለው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንጂ አስቀድማችሁ አትግቡበት።

ማስጠንቀቂያ

ሊፖ ባትሪን ቻርጅ አድርጋችሁ ጥላችሁ አትውጡ፣ አትተኙ። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አድርጉት፤ ከአልጋ፣ ከምንጣፍና ከመጋረጃ አርቁት። ቻርጀሩን ከባትሪው መጠን አታስበልጡ፤ ለ2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት 2.2 አምፔር ነው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3.2 በታች አታውርዱት፣ የምታስቀምጡት ከሆነ 3.8 ላይ አድርጉት። ያበጠ ባትሪ አይጠገንም።

ባትሪ በአውሮፕላን ከውጭ የምታመጡ ወይም በመንገደኛ የምታስመጡ፣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት፦ 11.1 ቮልት በ2.2 ወደ 24 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ችግር የለውም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኗቸው።

የጎሚስታው ክብደት እርሳስ ሊሆን ይችላል። ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ልጆች እንዲለጥፉት አትስጡ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- አራቱንም ቸርኬ እኩል ማክበድ። ኋላው ሲከብድ የፊቱ ትርፍ ይጠፋል።
- በአንድ ቀን አምስት ነገር መቀየር። የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። አንድ ቀይሩ፣ ጣውላው ላይ ለኩ፣ ቀጥሉ።
- ሾኩን ረጅም በማድረግ መኪናውን ከፍ ማድረግ። ሆዱ ድንጋይ አይነካም፣ ግን በጎን ቶሎ ይወድቃል። ከፍታ የሚያስፈልገው አክስሉ ላይ ነው፤ ፖርታል የሚሠራው ለዚህ ነው።
- ውሃ ውስጥ ከነዱ በኋላ እንዲሁ ማስቀመጥ። «ውሃ አይገባውም» የተባለው ኤሌክትሮኒክሱ እንጂ ኩሽኔታው አይደለም። ጎማዎቹን ጨምቃችሁ ውሃውን አውጡ፣ አድርቁት፣ ኩሽኔታዎቹን በጣት አዙሩ። አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካላቸው ቀይሯቸው።
- የጎማ ዳዶ ሳይፈትሹ መውጣት። ክብደት የተጨመረበት ጎማ ዳዶውን ቶሎ ያላላል። ጎማውን በእጅ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ በ7 ሚሊ ሜትሩ ቁልፍ አጥብቁት።